በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉ ረድፎችን በኤስኪውኤል እርስ በእርስ ማነጻጸር፦ ደረጃ በደረጃ

በኤስኪውኤል (ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ) የተጻፈ መጠይቅ የአጻጻፍ ስሕተት ሲኖርበት ኮምፒውተሩ ወዲያው ይነግርዎታል፤ ረድፎችን ያጣመረው በተሳሳተ መንገድ ከሆነ ግን ምንም ሳይል ቁጥር ያወጣልዎታል። የዚህ ወር ንባብ ካለፈው ወር ምን ያህል እንደጨመረ ወይም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ሠንጠረዥ ከራሱ ጋር የሚያነጻጽሩ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መመሪያው የተጻፈው ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦችን ማጣመር ለሚችሉ፣ አንዱን ከራሱ ጋር ማጣመር ሲሆን ግን ውጤታቸው ለሚበላሽባቸው ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ «ሰሌክት»፣ «ጆይን»፣ «ላግ» የመሳሰሉትን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ማድረግ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የተባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ስሞቹን እንዳሉ መውሰድ ይችላሉ።

## ከመጀመርዎ በፊት

የዳታቤዝዎን እትም ያረጋግጡ። ከደረጃ 5 ጀምሮ የምንጠቀምበት «ላግ» (ከአሁኑ ረድፍ በፊት ያለውን የሚያመጣ ትእዛዝ) የሚሠራው በፖስትግሬስ ከ8.4፣ በማይኤስኪውኤል ከ8.0፣ በኤስኪውላይት ከ3.25፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2012 እትም ጀምሮ ነው። እትምዎ ከእነዚህ የቆየ ከሆነ የደረጃ 4ን መንገድ ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ውጤቱን በእጅዎ አስልተው ልታውቁት የምትችሉት ትንሽ የሙከራ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። መቶ ሺህ ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ የሚሞከር መጠይቅ ስሕተቱን ይደብቃል፤ በስምንት ረድፍ ላይ ግን መደበቂያ የለውም። እዚህ የምንጠቀምበት «ንባብ» የሚባል የውሃ ቆጣሪ ሠንጠረዥ ነው።

| መለያ | ደንበኛ | ቀን | ቆጣሪ |
|---|---|---|---|
| 1 | 101 | 2024-09-15 | 340 |
| 2 | 101 | 2024-10-15 | 352 |
| 3 | 101 | 2024-12-16 | 379 |
| 4 | 102 | 2024-09-15 | 88 |
| 5 | 102 | 2024-10-15 | 95 |
| 6 | 102 | 2024-10-15 | 96 |
| 7 | 102 | 2024-11-14 | 7 |
| 8 | 103 | 2024-11-14 | 0 |

ሠንጠረዡ ሆን ተብሎ እንከን አለበት። ደንበኛ 101 አንድ ወር አልተነበበለትም፤ ደንበኛ 102 በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተመዝግቦለታል፣ በኋላም ቆጣሪው ተቀይሯል፤ ደንበኛ 103 አዲስ ስለሆነ ቀዳሚ ንባብ የለውም። እውነተኛ ሠንጠረዥ እነዚህን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር በአማርኛ ይጻፉ

ኮድ ከመጻፍዎ በፊት እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ «እያንዳንዱን ንባብ፣ ከዚያው ደንበኛ፣ ከዚያ ቀን በፊት ከተወሰደው የመጨረሻ ንባብ ጋር አነጻጽራለሁ፤ ቀዳሚ ከሌለው ረድፉን ሳልጥል ፍጆታውን ባዶ አድርጌ አቆየዋለሁ።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ውሳኔዎች አሉ፤ አንዱም ከጎደለ መጠይቁ ይሳሳታል። «ከዚያው ደንበኛ» የሚለው ቢወጣ የአንዱ ቤት ውሃ ከሌላው ጋር ይቀነሳል። «ከዚያ ቀን በፊት» የሚለው አቅጣጫውን ይወስናል። «የመጨረሻ» የሚለው ከብዙ ቀዳሚዎች አንዱን ብቻ ይመርጣል። «ቀዳሚ ከሌለው» የሚለውን ብዙዎች ይረሱታል፤ በዚህም አዳዲስ ደንበኞች ከሪፖርቱ ላይ ሳይታወቅ ይጠፋሉ።

## ደረጃ 2፦ ዓምዶቹን ይመርምሩ

ቀኑ እውነተኛ የቀን ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። «15/09/2024» ተብሎ በጽሑፍ የተቀመጠ ቀን ሲደረደር ከዓመቱና ከወሩ ይልቅ ቀኑ ይቀድማል። የወር ስም በአማርኛ በጽሑፍ ከተቀመጠ ደግሞ ድርድሩ በፊደል ተራ ይሆንና ሐምሌ አንደኛ፣ መስከረም ሁለተኛ፣ መጋቢት ሦስተኛ ሆነው ይወጣሉ። ወሩን ከ1 እስከ 13 በቁጥር አስቀምጦ «የዚህ ወር ቁጥር ሲቀነስ 1» ብሎ ያለፈውን መፈለግም አያዛልቅም፤ ከመስከረም በፊት ያለው ቁጥር ዜሮ ይሆናል፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ላላት ጳጉሜም ንባብ ላይኖር ይችላል። ቀኑን በዳታቤዙ የቀን ዓይነት፣ ማለትም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያስቀምጡና ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይሩት ለአንባቢ ሲያሳዩ ብቻ ይሁን። በሠንጠረዡ ላይ 2024-09-15 ያለው መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

ቁጥሩ ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ። በጽሑፍ ዓይነት ከተቀመጠ 9 ከ10 ይበልጣል።

ድግግሞሽ ይፈልጉ። ይህን መጠይቅ ያሂዱ፦

ሰሌክት ደንበኛ, ቀን, ካውንት(*)
ፍሮም ንባብ
ግሩፕ ባይ ደንበኛ, ቀን
ሃቪንግ ካውንት(*) > 1

በእኛ ሠንጠረዥ ደንበኛ 102 እና 2024-10-15 ይወጣሉ። ከሁለቱ ንባቦች የትኛው እንደሚያዝ ኤስኪውኤል አያውቅም፤ ቆጣሪ አንባቢውን ወይም ኃላፊውን ይጠይቁና ደንብ ያውጡ። እዚህ «በኋላ የተመዘገበው፣ ማለትም መለያው የሚበልጠው ይያዝ» የሚለውን ደንብ እንከተላለን።

## ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር ያጣምሩ

አንዱ ሠንጠረዥ በመጠይቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚጠራ ለእያንዳንዱ ጥሪ የተለየ ስም መስጠት ግዴታ ነው። «ሀ» እና «ለ» ብለው አይሰይሙ፤ ከአሥር መስመር በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ ራስዎ ይጠፋብዎታል። እንደየሚናቸው «አሁን» እና «ቀድሞ» ይበሏቸው።

ሰሌክት አሁን.መለያ, አሁን.ቆጣሪ, ቀድሞ.ቆጣሪ
ፍሮም ንባብ አሁን
ጆይን ንባብ ቀድሞ
ኦን ቀድሞ.ደንበኛ = አሁን.ደንበኛ

ይህ እያንዳንዱን ንባብ ከዚያው ደንበኛ ንባቦች ሁሉ ጋር፣ ከራሱም ጋር ጭምር ያጣምረዋል፤ ውጤቱ 26 ረድፍ ነው፤ ይኸውም ሦስት በሦስት፣ አራት በአራት፣ አንድ በአንድ ተባዝተው ሲደመሩ ነው። አሁን የሚከተለውን መስመር ይጨምሩ፦

ኤንድ ቀድሞ.ቀን < አሁን.ቀን

ማስጠንቀቂያ። ውጤቱ አሁን 8 ረድፍ ይሆናል፤ ሠንጠረዡም 8 ረድፍ ስላለው ብዙ ሰው እዚህ «ተስተካከለ» ብሎ ያቆማል። አልተስተካከለም። መለያዎቹን ሲያዩ 3 ሁለት ጊዜ፣ 7 ሦስት ጊዜ ይገኛሉ፤ 1፣ 4 እና 8 ደግሞ የሉም። የጎደሉትና የተባዙት በአጋጣሚ ተካክሰዋል። ስለዚህ ረድፎችን ሲቆጥሩ ጠቅላላውን ብቻ አይቁጠሩ፤ «ካውንት(ዲስቲንክት አሁን.መለያ)» ብለው ልዩ ልዩ መለያዎችንም ይቁጠሩ። እዚህ የሚያገኙት 5 ነው፤ ስሕተቱን የሚያጋልጠውም ይህ ቁጥር ነው።

## ደረጃ 4፦ የቅርቡን ቀዳሚ ብቻ ያስቀሩ

ሁለት ለውጦችን በአንድ ጊዜ ያድርጉ፤ ቀዳሚ የሌላቸው ረድፎች እንዳይጠፉ «ጆይን» የሚለውን «ሌፍት ጆይን» ያድርጉት፣ ከቀዳሚዎቹም ትልቁን ቀን ብቻ ይምረጡ።

ሰሌክት አሁን.መለያ, አሁን.ቀን, አሁን.ቆጣሪ - ቀድሞ.ቆጣሪ አዝ ፍጆታ
ፍሮም ንባብ አሁን
ሌፍት ጆይን ንባብ ቀድሞ
ኦን ቀድሞ.ደንበኛ = አሁን.ደንበኛ
ኤንድ ቀድሞ.ቀን = (
 ሰሌክት ማክስ(ፍለጋ.ቀን)
 ፍሮም ንባብ ፍለጋ
 ዌር ፍለጋ.ደንበኛ = አሁን.ደንበኛ
 ኤንድ ፍለጋ.ቀን < አሁን.ቀን)

ውጤቱ 9 ረድፍ ከሆነ የተበላሸው መጠይቁ ሳይሆን መረጃው ነው። መለያ 7 ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ቀዳሚው ቀን 2024-10-15 ሲሆን በዚያ ቀን ሁለት ንባብ ስላለ ከ95ም ከ96ም ጋር ተነጻጽሯል። በደረጃ 2 ያወጡትን ደንብ ሳይተገብሩ ወደፊት አይሂዱ። ብዙዎች እዚህ ላይ «ዲስቲንክት» ይጨምሩና ችግሩ እንዲጠፋ ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ረድፎች የተለያየ ፍጆታ ስላላቸው ግን አይጠፋም።

መለያ 1፣ 4 እና 8 ከጠፉብዎ በ«ቀድሞ» ላይ የጣሉት ገደብ «ኦን» ውስጥ መሆኑ ቀርቶ «ዌር» ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቀዳሚ የሌለው ረድፍ የ«ቀድሞ» ዓምዶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ባዶ ከምንም ጋር ሲነጻጸር እውነት ስለማይሆን «ዌር» ይጥለዋል፤ «ሌፍት ጆይን»ም ተራ «ጆይን» ሆኖ ይቀራል።

## ደረጃ 5፦ በ«ላግ» ይተኩት

እትምዎ የሚፈቅድ ከሆነ ከዚህ በኋላ ማጣመሩን ይተዉት። «ላግ» በድርድር ውስጥ ከአሁኑ ረድፍ በፊት ያለውን አንድ ረድፍ ብቻ ስለሚያመጣ ረድፍ አያባዛም፣ አያጠፋምም። እኔ በየጊዜው ለሚደገም ሪፖርት ሁልጊዜ ይህንን እመርጣለሁ፤ ማጣመሩን የማቆየው ከቅደም ተከተል ውጪ ለሆነ ንጽጽር ነው።

ዊዝ ንጹሕ አዝ (
 ሰሌክት መለያ, ደንበኛ, ቀን, ቆጣሪ,
 ሮው_ነምበር() ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ, ቀን ኦርደር ባይ መለያ ዴስክ) አዝ ተራ
 ፍሮም ንባብ
),
ንጽጽር አዝ (
 ሰሌክት መለያ, ደንበኛ, ቀን, ቆጣሪ,
 ላግ(ቆጣሪ) ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ ኦርደር ባይ ቀን) አዝ ቀድሞ_ቆጣሪ,
 ላግ(ቀን) ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ ኦርደር ባይ ቀን) አዝ ቀድሞ_ቀን
 ፍሮም ንጹሕ
 ዌር ተራ = 1
)
ሰሌክት መለያ, ደንበኛ, ቀን, ቀድሞ_ቀን, ቆጣሪ - ቀድሞ_ቆጣሪ አዝ ፍጆታ
ፍሮም ንጽጽር

የመጀመሪያው ክፍል በአንድ ቀን ከተመዘገቡት የመጨረሻውን ብቻ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ቀዳሚውን ያመጣል፤ ሦስተኛው ይቀንሳል። ውጤቱን ከዚህ ጋር ያስተያዩ፦ 7 ረድፍ ነው። ፍጆታው ለመለያ 2፣ 12፤ ለ3፣ 27፤ ለ6፣ 8፤ ለ7፣ ከዜሮ በታች 89 ሲሆን ለ1፣ ለ4 እና ለ8 ባዶ ነው። የባዶዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ከደንበኞች ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ የቆጣሪ ዓምዱ ራሱ ባዶ የሆነበት ረድፍ አለ፤ ካነሰ ደግሞ ቀጥሎ ወዳለው ወጥመድ ገብተዋል።

«ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ» የሚለውን ቢረሱ መጠይቁ ያለ ቅሬታ ይሠራል፤ የአንዱን ደንበኛ ንባብ ከሌላው ይቀንስና ባዶው አንድ ብቻ ይሆናል። ምልክቱ ይህ ነው።

## ደረጃ 6፦ ውጤቱን በትክክለኛው ቦታ ያጣሩ

ሪፖርቱ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ያለውን ብቻ እንዲያሳይ ቢፈለግ፣ እጅዎ «ቀን >= '2024-11-01'» የሚለውን ከ«ተራ = 1» አጠገብ ለመጻፍ ይፈጥናል። አይጻፉት። «ዌር» ከ«ላግ» አስቀድሞ ስለሚፈጸም የቀደሙት ወራት ከመነጻጸራቸው በፊት ይጣላሉ፤ የሚቀሩት መለያ 3፣ 7 እና 8 ሦስቱም ባዶ ፍጆታ ይዘው ይወጣሉ። ገደቡን በመጨረሻው ክፍል፣ ከ«ፍሮም ንጽጽር» በኋላ ያድርጉት።

በተቃራኒው «ላግ»ን ራሱን «ዌር» ውስጥ ከጻፉት ዳታቤዙ አይቀበልዎትም። ፍጆታን ካለፈው ፍጆታ ጋር ማነጻጸር ከፈለጉም «ላግ»ን በ«ላግ» ውስጥ አይክተቱ፤ ፍጆታውን የሚያሰላ አንድ «ዊዝ» ክፍል ይጨምሩና «ላግ»ን በእርሱ ላይ ያሂዱ።

## ደረጃ 7፦ ከዜሮ በታች የወጡትንና የተዘለሉ ወራትን ይለዩ

ከዜሮ በታች የወጣ ፍጆታ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ቆጣሪው ተቀይሯል፣ አንባቢው ተሳስቷል፣ ወይም ቆጣሪው ዞሮ ከዜሮ ጀምሯል። አምስት አሃዝ ያለው ቆጣሪ ከ99999 በኋላ ወደ 00000 ስለሚመለስ ለዞረው 100000 መደመር ትክክል ነው፤ ለተቀየረው ግን ይኸው ድምር የማይከፈል ዕዳ ይፈጥራል። በእኛ ሠንጠረዥ ከ96 ወደ 7 የወረደው ቆጣሪ ዞሯል ተብሎ ቢደመርበት ፍጆታው 99911 ይሆናል። ስለዚህ «ፍጆታ < 0» የሆኑትን ለብቻ ያውጡና ሰው እንዲያያቸው ያድርጉ፤ በመጠይቅ ውስጥ በራስ አያርሟቸው።

ማይኤስኪውኤል ላይ ቀመሩ «ከክልል ውጪ» በሚል ስሕተት ከቆመ የቆጣሪ ዓምዱ አሉታዊ ቁጥር የማይቀበል ዓይነት ነው፤ ከመቀነስዎ በፊት ሁለቱንም በ«ካስት» ትእዛዝ አሉታዊ ቁጥር ወደሚቀበል ዓይነት ይለውጧቸው።

የተዘለለ ወር የበለጠ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ጤናማ ይመስላል። ደንበኛ 101 ከ12 ወደ 27 ሲወጣ ያየ ሰው ቧንቧው ያፈሳል ብሎ ቴክኒሻን ሊልክ ይችላል። ቀኖቹን ይቀንሱ፤ በፖስትግሬስ «ቀን - ቀድሞ_ቀን»፣ በማይኤስኪውኤል «ዴትዲፍ(ቀን, ቀድሞ_ቀን)» ነው። የመጀመሪያው ልዩነት 30 ቀን፣ ሁለተኛው 62 ቀን ነው። ፍጆታውን በቀኖቹ ሲያካፍሉ 0.40 እና 0.44 ያገኛሉ፤ ደንበኛው ያለ ብዙ ለውጥ እየኖረ ነው። ሲያካፍሉ «ፍጆታ * 1.0» ብለው ይጀምሩ፤ ያለዚያ ፖስትግሬስ፣ ኤስኪውላይትና ኤስኪውኤል ሰርቨር ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍሉ ክፍልፋዩን ስለሚቆርጡት መልሱ 0 ይሆናል።

## ደረጃ 8፦ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ደንበኞችን ማግኘት

እዚህ ቅደም ተከተል ስለሌለ «ላግ» አይጠቅምም፤ ወደ ማጣመር ይመለሱ። መለያ፣ ስምና ስልክ ባለው «ደንበኞች» በሚባል ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ይጻፉ፦

ሰሌክት አንደኛ.መለያ, አንደኛ.ስም, ሁለተኛ.መለያ, ሁለተኛ.ስም
ፍሮም ደንበኞች አንደኛ
ጆይን ደንበኞች ሁለተኛ
ኦን ሁለተኛ.ስልክ = አንደኛ.ስልክ
ኤንድ አንደኛ.መለያ < ሁለተኛ.መለያ

የመጨረሻው ምልክት «ያንሳል» መሆኑን ያስተውሉ። «<>» ቢያደርጉት እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ስልክ የሌላቸው ሰዎች ዓምዳቸው «ነል» (ምንም ያልተሞላበት) ከሆነ ጨርሶ አይጣመሩም፤ በ«ነል» ፈንታ ባዶ ጽሑፍ ወይም 0 ከተሞላላቸው ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጣመራሉ። እንዲህ ያሉ 1000 ደንበኞች 499,500 ጥንድ ይሰጡዎታል፤ «ኤንድ አንደኛ.ስልክ <> ''» የሚለውን መጨመር አይርሱ፤ የተሞላው 0 ከሆነ በባዶው ጥቅስ ፈንታ '0' ያድርጉ።

በስም ማነጻጸር ለአማርኛ መረጃ የራሱ ጣጣ አለው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም»ም እንዲሁ። ሲያነጻጽሩ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ወደ አንድ ወገን ይሰብስቡ፤ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ፖስትግሬስ ላይ «ትራንስሌት» ይህን በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ማይኤስኪውኤል ላይ «ሪፕሌስ»ን ደራርበው ይጻፉ። ግእዙን ብቻ ቀይረው እንዳያቆሙ፤ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘር ያስፈልጋል፣ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም እንዲገናኙ ያድርጉ። «ገብረ መድኅን» እና «ገብረመድኅን» እንዲገጥሙ ክፍት ቦታውን ያጥፉ፤ «ወ/ሮ» እና «ወይዘሮ»ን የመሰሉ መጠሪያዎችንም ያንሡ።

ማስጠንቀቂያ። የተሰበሰበውን አጻጻፍ ለማነጻጸር ብቻ ይጠቀሙበት እንጂ በዋናው ዓምድ ላይ አይጻፉት፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል በመታወቂያውና በሰነዶቹ ላይ ያለው ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ በመጠይቅ ውስጥ ሲያስገቡ ከጥቅሱ በፊት ላቲኑን «ኤን» ካላስቀደሙ ፊደሎቹ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ንጽጽር ሁሉ ከንቱ ነው።

የተገኙትን ጥንዶች ወዲያው አይሰርዙ። ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሊመዘገቡ ይችላሉ። መሰረዝ ሲኖርብዎ በ«ቢጊን» (ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በ«ቢጊን ትራንዛክሽን») ይጀምሩ፣ የተሰረዙትን ረድፎች ብዛት ከጥንዶቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፣ ካልገጠመ ስረዛውን ለመመለስ «ሮልባክ» ይበሉ። ማይኤስኪውኤል በሚሰርዙበት ሠንጠረዥ ላይ በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ንዑስ መጠይቅ ሲጽፉ በስሕተት ቁጥር 1093 ያቆምዎታል፤ የሚሰረዙትን መለያዎች መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ያውጧቸው።

## መጠይቁ ሲዘገይ

በሙከራ ሠንጠረዡ ላይ ወዲያው ያለቀ መጠይቅ በእውነተኛው ላይ ደቂቃዎችን ከወሰደ፣ ደንበኛንና ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል የያዘ አንድ ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ይፍጠሩ። ለየብቻቸው የተሠሩ ሁለት ኢንዴክሶች ይህን አይተኩም። ለስም ንጽጽር ደግሞ የተሰበሰበውን አጻጻፍ በሌላ ዓምድ አስልተው ያስቀምጡና ኢንዴክሱን በዚያ ላይ ያድርጉ፤ በ«ኦን» ውስጥ በየረድፉ የሚሰላ «ትራንስሌት» በስም ዓምድ ላይ ያለውን ተራ ኢንዴክስ መጠቀም አይችልም። ከዚያ በፖስትግሬስና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዙ መጠይቁን እንዴት እንደሚፈጽም የሚያሳየውን «ኤክስፕሌይን»ን ከመጠይቁ ፊት ጽፈው ያሂዱና ኢንዴክሱ በእርግጥ መነካቱን ይመልከቱ።